ሁለተኛዋ ክር

ባለቤቴ ከግንባር ሲመለስ የግራ እጁ ጣቶች አልታጠፍ አሉት። ጊታሩን ይሸጠዋል ብዬ ስጠብቅ ሦስት ክሮች አላላና ስድስቱም ማንም ሳይጫናቸው፣ ዝም ብለው ሲመቱ እንዲስማሙ አድርጎ ቃኛቸው። ከዚያ የቧንቧ ቁራጭ የደረቀው ጣቱ ላይ ሰክቶ ክሮቹ ላይ ያንሸራትት ጀመር። ቀበሌው ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ያለ ይመስለው ነበር።

ይህ ቅኝት የደስታ ነው። ሲከፋው ግን ሁለተኛዋን ክር ብቻ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል፤ ያኔ ጊታሩ በሙሉ ያዝናል። ሆዱ ውስጥ ያለውን የሚናገር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከዚራ ሰፈር ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስገባ ክሮቹን በአውራ ጣቴ መታ አደርጋለሁ፤ የእሱን ውሎ የማውቀው በዚያ ነበር። እየሳቀ ተቀብሎኝ ክሯ ዝቅ ብላ ካገኘኋት አላምነውም።

አንድ ቀን ስገባ የለም። የጅቡቲው ባቡር ጠዋት ሄዷል። ቧንቧዋን ይዟታል፤ ጊታሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ደብዳቤ አልተወም። በደርግ ጊዜ ደብዳቤ ለቀረው ሰው ጣጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ከፍቶት ነው የሄደው ወይስ እፎይ ብሎ? መልሱ እጄ የሚደርስበት ቦታ ተሰቅሏል። ፈራሁ። ክሯ ዝቅ ብላ ባትገኝስ?

ነገ ነገ እያልኩ ወራት አለፉ። ለአንድ ሰው መሥራት አቅቶኝ የሁለት ሰው ምሳ እሠራና ማታም ያንኑ እበላለሁ። ብቻዬን መሆኔን የጠላሁት ያኔ ነው። አቧራ ስጠርግ እንኳ ክሮቹን አልነካም።

አንድ እሁድ በቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር የሚመታ ጎረቤታችን ሊጠይቀኝ መጣ። ሎሚ ልበጠብጥለት ጓዳ ገባሁ። የጊታሩ የክር መወጠሪያ ቁልፍ ሲንቋቋ ሰማሁና ብርጭቆውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«አቦ፣ ተበላሽቶልሽ ነበር'ኮ! አስተካከልኩልሽ» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

«ሁለተኛዋ ክር ዝቅ ብላ ነበር?»

«እኔ እንጃ እህቴ። የድሬ ሙቀት ምን ይምራል? ዝም ብዬ ሁሉንም ወጠርኳቸው።»

ልጮህበት ነበር። ምን አጠፋ? ሎሚውን ሰጠሁት፤ ጠጥቶ፣ መርቆኝ ሄደ።

በሩን ዘግቼ ጊታሩን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እሱ የሚያላላቸውን ሦስት ክሮች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ አላላኋቸው። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ እጄን ቁልፏ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ዝቅ ላድርጋት ወይስ ልተዋት፣ አላውቅም ነበር።