እትዬ ፈርሚ እና የመውጫ መዝገቡ

የሴት ተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ የምንሠራው ሁለት ነን፤ እኔና እትዬ ፈርሚ። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ስሟን፣ ሰዓቱንና የምትሄድበትን ቦታ መዝገቡ ላይ ሳትጽፍ የምትወጣ ልጅ የለችም፤ ፈተና ረፍዶባት የምትሮጠውን እንኳ "ፈርሚ" ብላ ትመልሳታለች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ልጅ አልጠፋችባትም፤ ይህንንም ጠዋት ማታ ስለምትነግረኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። መዝገቡ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይውላል።

ዓመቱ ሲጋመስ አንዲት የነርስነት ተማሪ እኛ ዘንድ እየመጣች ታማርር ጀመር። አንድ ተማሪ እግር በእግር እየተከተላት ነው። ላይብረሪ ስትገባ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ ከፎቶኮፒ ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። አይነካት፣ አይሰድባት፤ ብቻ ሁልጊዜ አለ። ስልኳን ቀየረች፣ የምታጠናበትን ሰዓት ቀየረች፤ ወይ ፍንክች።

"ወዶሽ ነዋ" አለቻት እትዬ ፈርሚ። "ሰላም ብትይው ምን ትሆኛለሽ?" እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ እበሽቃለሁ።

ልጁን እናውቀዋለን። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ብቅ ይልና ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብሎ የእትዬ ፈርሚን ወገብ ሕመም ይጠይቃል። አስተዳደጉን አድንቃ አትጠግብም ነበር። ኮሌጁ በበኩሉ ግድግዳችን ላይ "ትንኮሳን አንታገሥም" የሚል ወረቀት ለጥፎ ሄደ፤ ልጅቷ ልታመለክት ስትሄድ ግን "ማስረጃ አምጪ" አላት። እትዬ ፈርሚም ፕላስተሩ ቀለሙን ይልጠዋል ብላ ሳምንት ሙሉ ተነጫነጨች።

ልጅቷ መዋያዋን ማን እንደሚነግረው ስታሰላስል አብራት የምታድረውን ጓደኛዋን ጠረጠረች። ተኮራረፉ። በመጨረሻ ትምህርቷን የምታቋርጥበትን ቅጽ ይዛ መጣች፤ የእትዬ ፈርሚ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

"መጀመሪያ ፍራሽና ቁልፍ አስረክቢ" አለቻት።

ልጅቷ ተናዳ፣ መዝገቡ ላይ "ላይብረሪ" ብላ ሞነጫጭራ ወጣች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰች።

"ክሊኒክ ነበርኩ። አልመጣም" አለች።

"ማን?"

"እሱ። ዛሬ ብቻ አልመጣም።" ጣቷን መዝገቡ ላይ አሳረፈች። "ውሸት የጻፍኩትም ዛሬ ብቻ ነው።"

እትዬ ፈርሚ ምን ብትል ጥሩ ነው? "መዝገብ ላይ ይዋሻል እንዴ?"

መዝገቡን ወደ እሷ ገፋሁት። "አንቺ ሴትዮ፣ በቀን አራቴ እዚህ የሚገተረው ለወገብሽ አዝኖ መሰለሽ?"

ያኔ እትዬ ፈርሚ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ላይብረሪ፣ ፎቶኮፒ ቤት፣ ላይብረሪ፣ አክስቴ ቤት።

"አክስቴ ቤት በር ላይም ቆሞ ነበር" አለች ልጅቷ።

በማግስቱ ልጁ መጣ። "እትዬ፣ ወገብዎ እንዴት አደረ?" ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እትዬ ፈርሚ አዲስ ደብተር ፊቱ ዘረጋች።

"ስምህን፣ የመታወቂያ ቁጥርህን፣ ማንን ፈልገህ እንደመጣህ።"

"ኧረ እኔ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው።"

"እሱኑ ጻፈው። እስከ ዛሬ የመጣህበትን እኔና ባልደረባዬ እንሞላልሃለን። ፈርም።"

ሳይፈርም ሄደ። እኛ ግን የምናስታውሰውን ሁሉ ጽፈን ፈረምንበት፤ እትዬ ፈርሚ ሁለቱንም መዝገብ ታቅፋ፣ በዚያ ወገቧ፣ አቤቱታ ክፍል ድረስ በእግሯ ሄደች።

ስትመለስ ልጅቷ ቅጿን ይዛ ትጠብቃለች። "እትዬ፣ ይፈርሙልኝ።"

ዕድሜዋን ሰው ስታስፈርም የኖረችው ሴት እስክሪብቶውን አላነሳችም። "የተከተለሽ እሱ ነው። መንገድሽን የነገርኩት ግን እኔ ነኝ" አለች።

ልጅቷ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ መጀመሪያ ጓደኛዬን ይቅርታ ልጠይቃት ብላ ወደ ፎቅ ወጣች። እኛ እሷን ይቅርታ እንዳልጠየቅናት ትዝ ያለን ደረጃውን ወጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው።