ሒሳብ የሚሠራው መኪና የተፈተነ ቀን

የዚያን ቀን በሒሳብ ክፍሉ የነበርነው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ እኛ መኪና የምንለውን ኮምፒዩተር ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ባለሙያዎች፣ አንድ ካድሬ፣ ዋናው ሒሳብ ሹም፣ ልጄን ጨምሮ ሦስት የሒሳብ ጸሐፊዎችና እኔ ነን። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የመቱ ክረምት ጭቃው አያድርስ ነውና፣ ኃላፊው በሩ አጠገብ ሁኚ ስላሉኝ መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ።

መኪናው የወሩን ደመወዝ ይሠራል፤ ጸሐፊዎቹ በእጃቸው ከሠሩት ጋር ይመሳከራል፤ ካለፈ መሥሪያ ቤቱ ይረከበዋል። ያን ጊዜ ለደመወዙ አንድ ጸሐፊ ይበቃል ተብሏል። በቅጥር የመጨረሻው ልጄ ነበር። ሥራ የሌለውን ወጣት ደግሞ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ለመፈለግ ጊዜ አይፈጅበትም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን የለም።

ለመኪናው ተብሎ የጓሮው ጄኔሬተር ተቀሰቀሰ። ከጎሬ የመጣው ጸሐፊ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አዴ፣ ደመወዝ የማይበላ ጓድ መጣልን» አለኝ በሹክሹክታ።

«ናፍጣውን አላየህም?» አለው ጓደኛው። «ሲጠጣማ ኃላፊውንም ያስከነዳል።»

ልጄ አልሳቀም።

መኪናው ያተመውን ወረቀት እንዲያይ ለልጄ ሰጡት። በእኛ መሥሪያ ቤት ስህተት ያለበት ወረቀት ኃላፊ ፊት አይቀርብም። ማንም ይሥራው ማን፣ ያየው ሰው ዝም ብሎ ያርመዋል፤ ሰው አይዋረድም። ልጄም እንደ ልማዱ እርሳሱን አንሥቶ አንዳንድ ቦታ ምልክት አደረገና ለወጣቱ ባለሙያ አቀበለው። ባለሙያው እንደገና ነካክቶ ሌላ ወረቀት አወጣ። ኃላፊው ፊት የቀረበው ይኸኛው ነው።

«ከእጅ ሥራው ጋር ልዩነት አለው?» አሉ ኃላፊው።

«የለውም» አሉ ሒሳብ ሹሙ፣ ወደ መሬት እያዩ።

ካድሬው አጨበጨበ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ አጨበጨብኩ።

ቤት ስንገባ ልጄ ጫማውን ሲፈታ ጠየቅኩት።

«ምን ነበር የጻፍክለት?»

«ከጎሬና ከኡካ ተዛውረው የመጡትን ሁለት ሁለት ጊዜ ደመወዝ ሰጥቷቸው ነበር።»

«ታዲያ ብትተወውስ?»

«ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ነበር እኮ፣ እማዬ። እንግዳ ነው፤ እንዴት ብዬ በሰው ፊት ላሳፍረው?» አለና ሁለተኛውን ጫማውን ፈታ። «ደግሞ እጄ ለምዶ ነው። መኪናውን እንዳሳለፍኩት የገባኝ አርሜ ስጨርስ ነው።»

ሰው አታሳፍር እያልኩ ያሳደግሁት እኔው ነኝ።

መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ተረከበ፤ ለደመወዙም አንድ ጸሐፊ ብቻ ቀረ። የጎሬው ጸሐፊ ወደ አባቱ የቡና ንግድ ተመለሰ። ልጄ መመለሻ አልነበረውም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበሌው ጠራው። መኪናው ራሱ ናፍጣ ሲጠፋ ቆመ፤ ሸራ አለበሱት፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ደመወዙ እንደ ዱሮው በእጅ መሠራት ጀመረ። ልጄን ግን የመለሰልኝ የለም።

አንድ ሾፌር በደሌ ላይ አግኝቶት፣ ደህና ነኝ፣ ወደ ሰሜን እየሄድን ነው በልልኝ ማለቱን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑ ወታደሮች በመቱ ሲያልፉ መኪና ማቆሚያው ድረስ እየሄድኩ ጠየቅኩ። አንዱ ሱዳን የገቡ አሉ አለኝ፤ ሌላው እናቴ አትድከሚ አለኝ። አሁን እግሬም እምቢ ብሏል።

ቀጭን፣ ረጅም፣ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ ከውትድርናው በፊት መቱ የሒሳብ ጸሐፊ ነበር። አብራችሁት የነበራችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት ይኑርም አይኑርም፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።