በጎማ ንፋስ የመጣ ንስሐ
ፌስቡክ ፍኖተ ሰላም በገባበት ሰሞን አንድ የሞተረኞች ግሩፕ ላይ «ጭቃ ሲሆን የጎማ ንፋስ ቀነስ ማድረግ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የገጠር ቀበሌ በሞተር ስዞር ስንት ክረምት አልፎኛል! «ጥቁር ጎማ» የሚባል፣ ፊቱን የማያሳይ ሰውዬ ግን «ይህን ጀማሪ አትስሙት» ብሎ መለሰ።

ጀማሪ! እኔን! ደሜ ፈላ። ሳምንት ሙሉ ተሰዳደብን። በመጨረሻ «አንተ በቅሎ ፈልግና ውጣ፤ ሞተሩን ለሰው ተው!» አልኩት።

ፍልሰታ ገባ፤ ንዴቴ ግን አልበርድ አለ። መቁረብ ስለፈለግኩ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቄሱ ገና ከገጠር መግባታቸው ነበር፤ የቀሚሳቸው ጫፍ በጭቃ ተለውሷል።

«አባ፣ የማላውቀውን ሰው ሰደብኩ። አሁንም ባገኘው አልምረውም» አልኳቸው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጎማ ንፋስ።»

ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «በቅሎ ፈልግ ያልከኝ አንተ ነህ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ «ይፍቱኝ አባ» አልኩ።

«አርባ ስገድ» አሉ። «ንፋሱ ግን አይቀነስም!»

«ይቀነሳል እንጂ አባ!» አመለጠኝ።

«እንግዲያው ሰማንያ!»