ለሌለች መርከብ የመታሁት ደወል

በአፌ ስንት ጉራ ነዝቼ አፍሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይህችን ሳወራ ግን ፊቴ ይግላል።

እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ፣ በሽተኛ ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቻምበርስ ሮድ ካለ አፓርትመንት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ፒክ አፕ አድርጌ ፒዮሪያ ጎዳና አጠገብ ኩላሊታቸውን ወደሚያሳጥቡበት አደርሳቸው ነበር። በወጣትነታቸው፣ በጦርነት ጊዜ፣ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያገለገሉ ናቸው። ስለሷ ካነሱ ማን ያስቆማቸዋል! ሙቀቱ፣ የናፍጣው ሽታ፣ አንዱ ለፈረቃው ሲነሣ ሌላው ገና ባልቀዘቀዘው አልጋ ላይ መጋደሙ፣ ከላይ የጠላት መርከብ ሲያልፍ ማንኪያ እንኳ እንዳይጮህ ትንፋሽ ውጦ መቀመጡ።

አንድ ቀን እኔም ባሕር ኃይል ነበርኩ አልኳቸው። እውነት ነው። ሰርጓጅ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ ሲሉኝ አዎ አልኩ። ይሄም እውነት ነው፤ ዳህላክ ላይ ለሶቪየቶቹ ሰርጓጅ በጀልባ የመጠጥ ውሃ እናመላልስ ነበርና አንዴ አንዱ መርከበኛ ወደ ታች አውርዶ አሳይቶኛል። አሥር ደቂቃ ብቆይ ነው። እሳቸው ግን ከኋላ ትከሻዬን ጨብጠው ወንድሜ አሉኝ። አገራችን ሰርጓጅ ኖሯት አያውቅም ብዬ ላርማቸው ስል ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር፤ ወንድሜ መባሉ ጣፈጠኝ። በሌላ ቀን ጥልቀቱንም ፍርሃቱንም ከራሳቸው ወሬ እየቀዳሁ መልሼ ለራሳቸው አወራሁላቸው።

እሳቸውና የድሮ ባልደረቦቻቸው በዓመት አንድ ቅዳሜ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ከባሕር ያልተመለሱት ሰርጓጆች ስም ይነበባል፤ ለእያንዳንዷ ደወል አንድ ጊዜ ይመታል። ሰጠመች አይሉም፤ ከሥምሪት አልተመለሰችም ነው የሚሉት። ሽማግሌው ይዘውኝ ሄዱ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ደወሉ ጋ ጠሩኝና እናንተስ ያልተመለሰ የላችሁም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ነበረን እንጂ። የውሃ ጀልባዋን አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ጠዋት ጥርሴን ቢያመኝ አንተ ተኛ ብሎ ተራዬን ወሰደልኝ። ጀልባዋ በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ ሜዳሊያውን ደርድሮ እያየኝ የውሃ ጀልባ ማለት አሳፈረኝ። ሰርጓጅ ቁጥር ሰባት አልኩና ደወሉን መታሁ። ሁሉም ኮፍያቸውን አወለቁ።

ስንመለስ ኮልፋክስ ላይ፣ ከአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኋላ ቀይ መብራት ይዞን እንደቆምን፣ አላስችል አለኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ቤታቸው ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ከኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«እኛም ውሃ የሚያመጣልንን ሰው እንጠብቅ ነበር» አሉኝ። «ስለ ጓደኛህ ብትነግረን ኮፍያችንን የማናወልቅለት መስሎህ ነው?»

ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እየተኮላተፉ ሁለት ሦስቴ አሉት። ከርሞ ራስህ ተነሥተህ ታስተካክለዋለህ፣ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ለከርሞ አልደረሱም። በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ።

ቅዳሜው ሲመጣ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቫኑ ውስጥ የጓደኛዬን ስም ጮክ ብዬ ስለማመድ ነበር። የሽማግሌው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን አስቀምጠውላቸዋል። አንባቢው ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ሰርጓጅ ቁጥር ሰባት ብሎ ጠራና ወደ እኔ ዞረ፤ ዝርዝሩ ላይ ጽፈዋታል። ተነሣሁ። አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ለሷ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አየሁና ደወሉን መትቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።