የባንችይርጋ አራስ ቤት

ባንችይርጋን «ቤት አፍራሽ» የሚል ሰው በፊቴ አይቁም! ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን የአንድም ሰው ቤት አላፈረሰችም። የፈረሰውን ያፈረሰው የወንዶቹ ዱላ ነው። እሷ ያደረገችው ቢኖር የተደበደበች ሴት ስትመጣባት በሯን መክፈት ነው።

አዋላጅ ነበረች። የመንደሩን ልጅ ግማሹን በእጇ የተቀበለችው እሷ ናት፣ እኒያን ሲሰድቧት የሚውሉትን ጎረምሶች ጭምር። ባሏ በሕይወት ሳለ እንደ ከበሮ ሲደልቃት ኖሯል። ወደ ወላጆቿ በሸሸች ቁጥር ሽማግሌ እየሄደ፣ «ገበና አይወጣም» እያለ መልሷታል። ድንቄም ሽማግሌ! ባሏ ሲሞት ደግሞ እንባ አላወጣችም ብለው አሟት። ምን ብላ ታልቅስለት እቴ?

ከዚያ ወዲያ የተመታች ሴት ሁሉ መሸሻዋ የባንችይርጋ ቤት ሆነ። ቁስል ታጥባለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ ታበላለች። ቤቷን «የኮብላዮች ሰፈር» አሉት፤ ጣራዋን በድንጋይ ይደበድቡባት ነበር። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ሽማግሌዎቹ ሰተት ብለው ይገቡና ሴቲቱን እጇን ይዘው ያወጧታል።

ብርቅዬ የመጣችው ከሰባ ሰባቱ ረሃብ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በክረምት ነው። ባሏ ታፈረ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ነበር። በየስብሰባው ግራ እጁን እያነሳ «አጉል ልማድ ይውደም! የሴቶች ጭቆና ይውደም!» የሚለው እሱ ነው። ቤቱ ሲገባ በዚያችው እጁ የብርቅዬን ክንድ ሰበረው። ጨቋኝ ማለት ሌላ ሰው ይመስለው ነበር መሰለኝ። ለሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ብታመለክት፣ «አሁን የአረም ጊዜ ነው፣ ሥራ አታስፈቺን» ተባለች። «እትዬ፣ አሁን ብመለስ ይገድለኛል» ብላ ባንችይርጋ እግር ላይ ወደቀች። ውሸቷን አልነበረም፤ አንገቷ ላይ የጣቱ ምልክት ነበር።

ያን ሰሞን የባንችይርጋ ልጅ ገለቴ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ወልዳ ተኝታለች። በአገራችን አራስ ቤት የገባ ወንድ ጠበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ እንደ ነውረኛም ይታያል፤ ቄስማ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ወደ ውስጥ ዝር አይልም። ባንችይርጋ ብርቅዬን ከገለቴ ጎን መደቡ ላይ አስተኛቻትና፣ «እስቲ አሁን ገብተው ያውጡሽ!» አለች።

ወሬው እኛ ሴቶቹ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አራስ ከመጠየቅ ማን ይከለክለናል? አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ አብሽ እየያዝን ተራ ገባን። ግማሹ ለገለቴ፣ ግማሹ ለብርቅዬ። የወጌሻው ሚስት ወለተ ሐና ባሏ ሲሠራ ያየችውን ያህል ክንዷን በቀርከሃ አሰረችላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት ፊት ቄስ ወልደ ሰንበት፣ ከኋላ ታፈረ ጠመንጃውን አንግቶ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀጥ አሉ። እኛ ከውስጥ ተቀምጠን እናያቸዋለን።

«ውጪ!» አለ ታፈረ። «ቤቱን በላያችሁ ላይ ነው የማነደው!»

«አንድደዋ!» አለች ባንችይርጋ። «የአብዮት ሰው አይደለህ? አጉል ልማድ ይውደም ስትል አልነበር? ግባና ውሰዳት!»

እግሩን አነሳ። ቄሱን አየ፣ ደጅ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ እግሩን መልሶ አወረደው። ምራቁን ጢቅ አደረገና ቆመ። ወንድ ተብሎ!

ቄስ ወልደ ሰንበት በለስላሳ ድምፅ ሞከሩ። «ልጄ ብርቅዬ፣ ባል ይቆጣል፣ ይመታል፣ ያለ ነው። እኔ ልግባ እንዳልል ሥርዓቱ ከልክሎኛል። አንቺው ውጪልኝና እናስታርቃችሁ።»

ብርቅዬ በሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ከመደቡ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ቤትዎ ከቤቴ አጥር ለአጥር ነው» አለቻቸው። «እዚህ እንዳይገቡ ሥርዓት ከለከለዎት፣ እሺ። እኔ ድረሱልኝ ብዬ ስጮህ ከኔ ቤት እንዳይገቡስ ምን ከለከለዎት?»

ደጅ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡና ወደ ታፈረ ዞሩ።

«ስትዳር ይዛ የመጣችውን ላም አምጣላት» አሉት። «ከእንግዲህ ሚስትህ አይደለችም።»