መርዝ ነው ያልኩት ወተት

የታሰርኩበት መጋዘን ቀድሞ የማሽላ ነበር። መርሳ ከተማ ላይ ታጣቂዎች ከመኪና አውርደው ሲያስገቡኝ ብናኙ አሳለኝ። ጥፋቴ፣ የማን ወገን እንደሆነ ሳልጠይቅ ቁስለኛ ማከሜ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ቁስል ማጠብ እንጂ ወገን መለየት አልተማርኩም።

ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ከግራና ከተማ የመጡ ባልቴት ናቸው። ሌላዋ ውርጌሳ መንገድ ዳር ጫት ትሸጥ የነበረች፣ የሦስት ወር ልጅ የታቀፈች ሴት ነች፤ ለወታደር ሸጠሻል ብለው ነው ያመጧት። ጉንጯ እንደተወጠረ ልጁን ስታጠባ አየሁና አላስቻለኝም።

«እየቃምሽ ታጠቢዋለሽ? መርዝ እኮ ነው የምታጠጪው» አልኳት።

ልጁን ከጡቷ ነጠለችው።

በማግስቱ የጫቱ ሐራራ ጣላት። ታዛጋለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ዱካክ እያስጮኸ ይቀሰቅሳታል። ልጁ ሲያለቅስ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ባልቴቷ ቋጥረው ያመጡትን ስኳር በውኃ እየበጠበጡ በጣታቸው ያልሱታል። እሱ ግን አንገቱን እያዞረ የእናቱን ፊት ይፈልጋል። የሱስ ጥም እናትን ከልጇ እንደሚነጥል ሥልጠና ላይ ሰምቼ ነበር። ይኸው ብዬ ፈረድኩባት። በእሷም፣ በጠባቂውም፣ በቆርቆሮው ሙቀትም ተናደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ማልቀሱን ተወ። የደከመ ሕፃን ዝምታ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ጮህኩባት።

«አንጀት የለሽም? ልጅሽ እኮ እየሞተ ነው።»

«ምን ላርገው?» አለች ሳትዞር። «መርዝ ነው አልሽኝ። አልቤ አልቤ አላልቅ አለኝ። ወተቱ መቼ እንደሚጠራ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የምጠብቅሽ። ፊቱን ካየሁ አያስችለኝም።»

ያን ጊዜ ነው ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ያየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ወተቷን እያለበች አፍስሳበት ረጥቧል።

«ወይ ልጄ» አሉኝ ባልቴቷ፣ «መቆጣቱን አውቀሽ መንገሩን ረሳሽው።»

አፈርኩ። ጠባቂው በቀን የሚሰጠኝ አንድ ጣሳ ውኃ ገና አልተነካችም ነበር። ይዣት ሄጄ ፊቷ ተንበረከክኩ።

«ተሳስቻለሁ። ጫቱ ይቅርብሽ እንጂ ጡትሽ አይቅርበት ማለት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ» አለች። ውኃውን ጨለጠችው። ልጁ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቆይቶ ያዘ። እየጠባ ዓይኑን ፊቷ ላይ ተከለ። እሷም ጎንበስ ብላ አየችው።

«ከስቷል» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ፤ የት እንደደረሱ አላውቅም። ዛሬም ሐብሩ ወረዳ ውስጥ እናቶችን አስተምራለሁ። ጫት ለምታጠባ እናት አይበጅም እላለሁ፤ እሱን አልተውኩም። ጉንጯ የተወጠረ እናት ስትመጣ አሁንም ምላሴን ይበላኛል። ግን መጀመሪያ ወንበርና ውኃ አቀርብላታለሁ፤ ልጁ እስኪጠግብ ምክሬን ይዤ ዝም እላለሁ። መጠበቅ አያቅተኝም፤ ያቺ ሴት ሦስት ቀን ጠብቃኛለች።