ካላንደር የለበሰችው ሴት

ሰው በሰው ትዳር ይቀናል፣ በሰው ቤት ይቀናል። እኔ ለዓመታት አንጀቴ ያረረው ደም በምታለቅስ ሴት ሥዕል ነው። ሴትየዋ ያለችው መዳፍ በሚያህል አሮጌ የእንግሊዝኛ አስፈሪ ልብ ወለድ ሽፋን ላይ ነው። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ሻማ ይዛለች፤ ከኋላዋ ካለው የውኃ ጉድጓድ አንድ ግራጫ እጅ ወጥቶ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጧል። እሷ ግን እጁን ትታ ወደኛ ታያለች። ታሪኩ ምን እንደሆነ እንኳ ግድ አልነበረኝም።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እሰበስባለሁ። ድሮ ለፋብሪካና ለግድብ ሥራ የመጡ ፈረንጆች አንብበው የተዉዋቸው ናቸው። ከወንጂም ከቆቃም ከሶደሬም ዞረው ዞረው አዳማ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ይደርሳሉ። ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሙጫቸው ለቋል፤ ሽፋናቸው ግን ያሳብዳል። ጥርስ፣ የሬሳ ሣጥን፣ የምትጮህ ቆንጆ። ቀኑን ሙሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ወረቀት ሳገላብጥ ስለምውል፣ ቤቴ ስገባ ዓይኔን ቀለም ይርበዋል።

ሴትየዋን መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ይህ ይታወቅልኝ። መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ሰላም አሉኝና መጽሐፉን ሳነሳ ዋጋውን ነገሩኝ።

«ኧረ አባባ፣ ገጹ ተገንጥሏል እኮ» አልኳቸው።

«ገጹን ማን ያየዋል፣ ሴትየዋን እያት!»

ልክ ነበሩ። ግን «ልክ ነዎት» እያሉ ዕቃ አይገዛም። እንደ ወጉ መጽሐፉን መልሼ አስቀመጥኩና ሄድኩ። ያንን አካሄድ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመሄድ ሳይሆን ለመጠራት የሚኬድ ነው፣ እግር ወደ ፊት ጆሮ ወደ ኋላ። «ነይ ውሰጂያት» እስኪሉኝ ቀስ እያልኩ የሙዝ ጋሪውን አለፍኩ፣ ሊስትሮዎቹን አለፍኩ። የጠራኝ የለም። ዞር ስል አንዲት ጓደኛዬ ሸራው ፊት ቆማ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ያሏትን ዋጋ ያለ ክርክር ከፍላ!

ከዚህች ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ዛሬ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። የሚያንገበግበኝ፣ ይህን ልክፍት ያስያዝኳት እኔው መሆኔ ነው።

«ትተሽው ስትሄጂ አይቼ እኮ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗ እየሳቀ።

«መቼ ተውኩት?» ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይባስ ብሎ ሴትየዋ የገባችው ለማንም ወደማትታይበት ቤት ነው። የጓደኛዬ ቤተሰቦች የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እናቷ መጽሐፉን አይከለክሉም፣ ግን ሰይጣን በቤታቸው ፊቱን እንዲያሳይ አይፈቅዱም። ስለዚህ እያንዳንዱን መጽሐፍ፣ የተማሪ ደብተር እንደሚለበድ፣ ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በራሳቸው እጅ ይለብዱታል። ያቺ አረንጓዴ ቀሚሷ ዓይን የሚወስደው ሴትዮ የኅዳር ወርን ለበሰች። ፏፏቴና ጥቅስ። በሳቅም በንዴትም ልሞት ነበር። የእኔዎቹ መስኮቱ ትይዩ ባለው መደርደሪያ ላይ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተደርድረዋል፤ ቁርሴን የምበላው እነሱ እያዩኝ ነው። መጽሐፍን ለሽፋኑ ገዝቶ ሽፋኑን መሸፈን ምን ይሉታል?

ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ የቀናት እሷ ናት። ለዘመድ ሠርግ ዓለም ጤና ሄዳ፣ አንድ ባለሱቅ ስኳር ሊጠቀልልባቸው ያስቀመጣቸውን አስፈሪ መጻሕፍት ካርቶን ሙሉ ይዛ መጣች። በሳምንቱ እኔም ወደዚያው ሱቅ ገሰገስኩ። ያገኘሁት የሰዋስው መጽሐፍና የትራክተር ጥገና መመሪያ ነው፣ እሱም ግማሹ። ይህን ስነግራት፣ «‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብዬ የጸለይኩት ተሰምቶልኛል» ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ጥርሴ ነው የሳቀው።

በመጨረሻ አላስችል አለኝ። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ፣ ከመጻሕፍቴ ምርጥ ያልኳቸውን ሦስቱን በፌስታል ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሦስቱንም ሰጥቼ ያቺን አንዷን ልለውጣት።

እናቷ በር ከፈቱልኝ። «ግቢ ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«መጻሕፍት ናቸው፣ እማማ።»

«እንደ እሷ ዓይነት?»

«እንደ እሷ ዓይነት።»

«እንግዲያው ጓዳ ግቡና እዚያ እዩት። ሳሎኔ ውስጥ አትግለጡብኝ።»

ጓዳ ገባን። ጓደኛዬ የካላንደሩን ፕላስተር በጥፍሯ ቀስ ብላ አላቀቀችና ኅዳርን ገለጠችው። ሴትየዋ ወጣች። አረንጓዴው ዛሬ የተቀባ ይመስላል፤ ደሙ እርጥብ ነው፤ በሻማው ነበልባል ውስጥ ያኔ ሽማግሌው ሸራ ላይ ሳያት ልብ ያላልኩት ትንሽ ሰማያዊ አለ። እኔም የእኔዎቹን አውጥቼ አጠገቧ ደረደርኳቸው። ያኔ ነው ያየሁት።

የእኔዎቹ ገርጥተዋል። በየቀኑ ስላየኋቸው አላወቅኩም። የጭራቁ ከንፈር ሻይ መስሏል፤ ደሙ የገለባ ቀለም ይዟል። ያ የከሰዓት በኋላ የአዳማ ፀሐይ በመስኮቴ እየገባ ቀዩን ሁሉ ሲልሰው ኖሯል። የሳቅኩበት ካላንደር የእሷን አድኖላታል። ጓደኛዬም አየች። ብትኩራራብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አዘነችልኝ።

«ልውውጡ ይቅርና ዝም ብለሽ ውሰጂያት» አለች።

«ምጽዋት አልጠየቅኩሽም!» አልኩና መጻሕፍቴን ፌስታሉ ውስጥ አጭቄ ወጣሁ። እናቷን በቅጡ እንኳ አልተሰናበትኳቸውም። ግቢውን ሳቋርጥ ግን እግሬ ከበደኝ። ሳላስበው ያንኑ አካሄድ እየሄድኩ ነበር። የልብስ ማስጫውን አለፍኩ፣ የውኃ በርሜሉን አለፍኩ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ያዝኩ።

«ነይ ውሰጂያት!»

ከበረንዳው እየሳቀች ነው። «አንቺ እኮ ከጀርባሽ ነው የምትታወቂው። ያኔም ሽማግሌው ሊጠሩሽ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የቀደምኩሽ።»

ብው አልኩ፤ ግን ተመለስኩ። ምን ላድርግ፣ ሴትየዋ እጇ ላይ ነበረች።

«ምጽዋት ከመሰለሽ ይቺን ስጪኝ» አለችና ከፌስታሉ ውስጥ ከሁሉም የደበዘዘችውን መረጠች። ድሮ ከመቃብር የምትነሳ ሙሽራ ነበረች፤ አሁን መቃብሩም ትሉም ጠፍቶ ነጭ ቬሎ፣ ሁለት ዓይንና ፈገግታ ብቻ ቀርቷታል። አተረፍኩ ብዬ ቶሎ ሰጠኋት፣ ሐሳቧን እንዳትለውጥ።

ሴትየዋን ከነካላንደሯ ቤቴ አምጥቼ መደርደሪያው ላይ አቆምኳት። ከሰዓት ፀሐዩ ሲጠጋት አላስቻለኝም። አንስቼ ኅዳርን መልሼ አለበስኳትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። እስካሁን እዚያው ናት። አልፎ አልፎ አውጥቼ አያታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳትደበዝዝ እሰጋና እሸፍናታለሁ።

በቀደም ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ሳሎን ተቀመጥኩ። ቡፌው ላይ፣ ከእናቷ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገብ፣ የእኔ ሙሽራ ያለ አንዳች መሸፈኛ ቆማለች። ጓደኛዬ ከሶፋው ላይ ሆና ሻይዋን እየጠጣች ታያታለች። እናቷ በጨርቅ አቧራዋን ጠረግ ጠረግ አደረጉላት።

«ይቺኛዋ እንኳን ደግ ፊት ነው ያላት» አሉኝ። «እንዲህ ያለውን ማን ይከለክላል?»

እንዲያ ደግ ያደረጋት የእኔ መስኮት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የቀረበልኝን ሻይ እየጠጣሁ ሙሽራዬን ሳያት ቆየሁ። ቀናሁ።